ከመዋጮ ሣጥኑ እስከ መስኩ

ይድረስ በዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ ለመሰማራት ለተነሣችሁ ወጣቶች፤

ብዙዎቻችሁ ሥራውን የምትጀምሩት ጫካ ገብታችሁ ሳይሆን በመካነ እንስሳት ወይም በፓርክ በር ላይ፣ ከመዋጮ ሣጥን አጠገብ ቆማችሁ ነው። ምድቡን አትናቁት። ከትልልቅ ለጋሾች የሚመጣ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ገደብ አለው፤ ለተባለው ዘመን፣ ለተባለው ፕሮጀክት፣ ለተባለው ዕቃ ብቻ ይውላል። የጎብኚ ገንዘብ ግን እናንተው በገደብ ካላሰራችሁት በስተቀር ነጻ ነው። አንዱ ፕሮጀክት አልቆ ሌላው እስኪጀመር የስካውቱን (የፓርክ ጥበቃ ሠራተኛውን) ደመወዝና የመኪናውን ነዳጅ የሚሸፍነው እሱ ነው።

ገንዘቡን የሚያስረው ሣጥኑ ላይ የምትጽፉት ጽሑፍ ነው። «ለዝሆኖች» ካላችሁ ለዝሆን ብቻ ማዋል አለባችሁ፤ ሰጪው አንብቦ የሰጠበት ቃል ውል ነውና። «ለተፈጥሮ» ብላችሁ ብትተዉት ደግሞ የማንም እጅ ወደ ኪሱ አይገባም። አንድ እንስሳ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ የሚጨበጥ ሥራ ጥቀሱና ከሥሩ «ከዚህ የተረፈው ለሌሎች የጥበቃ ሥራዎቻችን ይውላል» የሚል መስመር ጨምሩ። ይህ መስመር ቀርቶ ገንዘብ ባንክ ታስሮ ሲቀመጥ፣ ጎን ያለው ሥራ ደግሞ በገንዘብ እጦት ሲቆም ይታያል። «ለጥበቃ» ተብሎ የተሰበሰበውን ለራሳችሁ ግቢ እንስሳት መኖ ማዋልማ ጭራሽ አይታሰብ።

ጎብኚው የሚወደው እንስሳውን ነው፤ ገንዘቡ የሚሄደው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮን ተመልከቱ። በዓለም የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከዋና ዋና ጠንቆቻቸው አንዱ ከመንደር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች የተነሣው ወረርሽኝ ብዙ ቀበሮዎችን ጨርሷል። ስለዚህ ለቀበሮ የተሰጠው ገንዘብ ውሻ ይከትባል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው በሽታው እንዳይዛመት ቢያንስ 70 በመቶው ውሻ መከተብ አለበት። የተከተቡት ይሞታሉ፣ ያልተከተቡ ቡችሎች ይወለዳሉ፤ አንድ ዓመት ከተዘለለ የተከተቡት ድርሻ ወዲያው ይወርዳል። ክትባቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት ስላለበት ማቀዝቀዣው፣ በረዶው፣ መጓጓዣው ሁሉ ወጪ ነው። «ቀበሮ ብዬ ሰጥቼ ውሻ ትከትባላችሁ?» የሚል ጎብኚ ሲመጣ አትሸማቀቁ፤ እንዲያውም ሳይጠይቃችሁ ሰሌዳው ላይ ጻፉለት።

የዓረብ ሳላ የተባለው ረጅም ቀንድ ያለው የበረሃ እንስሳም ሌላ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1962 ለእርባታ የሚሆኑትን መያዝ ተጀመረ፤ በዱር የቀረው የመጨረሻው በ1972 ተገደለ፤ በእርባታ የበዙት ደግሞ በ1982 ኦማን ውስጥ ወደ በረሃ ተለቀቁ። ከ1996 ጀምሮ ግን ሕገወጥ አዳኞች መንጋውን አመናመኑት፤ የጥበቃው ክልልም በ90 በመቶ ስለተቀነሰ ቦታው በ2007 ከዓለም ቅርስ መዝገብ ተሰረዘ። ዝርያው ዛሬ የተሻለ ይዞታ ላይ ቢሆንም፣ እንስሳ መልቀቅ የሥራው ግማሽ ብቻ እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል። ፎቶ የሚነሣው የሚለቀቅበት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጡት ዓመታት ጥበቃ ገንዘብ ማግኘት ግን ከባድ ነው።

ሣጥኑን መውጫው ላይ አድርጉት። መግቢያው ላይ ሰው ገና ቲኬት ከፍሏል፣ ልጆቹም እየጎተቱት ነው። ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ። በተወሰነ ቀን ሁለቱ ባሉበት ተከፍቶ፣ እዚያው ተቆጥሮ፣ ተራ ቁጥር ባለው ቅጽ ላይ ተፈርሞ ምንም ሳይቀነስ ባንክ ይግባ። «ለሻይ»፣ «ለታክሲ» እየተባለ ከላዩ ከተነሣ ቅጹና የባንኩ ደብተር አይገጥሙም፤ ታማኙም ሰው ይጠረጠራል። በካርድ የምትቀበሉ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ቁርጥ መጠን ብቻ አቅርቡ። ከቲኬት ጋር የሚጨመር መዋጮ ለብቻው ተለይቶ ይጻፍ፣ ጎብኚውም እንቢ ማለት ይችል። ሳያውቅ የከፈለ ሰው ሲነቃ መልሶ አይሰጣችሁም።

ገንዘቡን ወደ ውጭ አገር ከመላካችሁ በፊት የድርጅታችሁ መተዳደሪያ ደንብ ከአገር ውጭ ማውጣት ይፈቅድ እንደሆነ አረጋግጡ። ተቀባዩ በአገሩ ሕጋዊ ምዝገባ ያለው፣ በድርጅቱ ስም የተከፈተና ሁለት ሰው የሚፈርምበት ሒሳብ ያለው ይሁን፤ በግለሰብ ሒሳብ አትላኩ። ጥቂት ጥቂቱን በየጊዜው ስትልኩ የባንክ ክፍያው ይበላዋል፤ አጠራቅማችሁ በሩብ ዓመት አንዴ ላኩ። ዝናቡ መንገዱን ከመዝጋቱ በፊት መድረሱን ግን አስቡበት፤ ክትባት በዘገየ ገንዘብ አይሠራም። የምንዛሪ ለውጥ የሚያመጣውን ኪሳራ ማን እንደሚሸከም በውሉ ላይ አስፍሩ። ዕቃ ከመላክ ገንዘብ መላክ ይሻላል፤ ነዳጅና ጎማ ያልተመደበለት መኪና ከጓሮ ይቆማል፣ መለዋወጫ የሌለው መሣሪያ ከጉምሩክ ወጥቶም አያገለግልም። አራት ሰው ካለው ቡድን ደግሞ በየወሩ ረጅም ሪፖርት አትጠይቁ፤ ያን ጊዜ የምትወስዱት ከመስኩ ነው። በዓመት ሁለቴ ደረሰኝ የተያያዘበት የሒሳብ መግለጫና አንድ ገጽ ጽሑፍ ይበቃል።

ያንን አንድ ገጽ አሳጥራችሁ ሣጥኑ አጠገብ ለጥፉት፤ ቀኑንም ጻፉበት።