ሦስት ደሴት በስምንት ቀን? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ነው። ጋብቻችን ዘንድሮ 10 ዓመት ስለሚሞላው ልጆቹን እህቴ ዘንድ ትተን ለ8 ቀን ግሪክ ደርሰን ለመመለስ አስበናል። እሱ የሚፈልገው ባሕር ዳር ጋደም ብሎ መዋል ነው፤ እኔ ደግሞ ስሟን በዮሐንስ ራእይ ሲነበብ እየሰማሁ ያደግኩባትን የፍጥሞን ደሴት መሳለም እመኛለሁ። ወዳጆቻችን በበኩላቸው «ሳንቶሪኒንና ሚኮኖስን ሳታዩማ እንዳትመለሱ» ስላሉን ሦስቱንም በአንድ ጉዞ ለማዳረስ፣ ጊዜውንም በኦገስት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ለማድረግ አቅደናል። ባለቤቴ ፈቃዱን ወደ ሴፕቴምበር ማዛወር ይችላል፤ ግን ባሕሩ ይቀዘቅዛል ብሎ ፈራ። እኔ ፍልሰታን እጾማለሁ። ሁለታችንም የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ አለን። ዕቅዳችን ያዋጣል?
ወ/ሮ ሀ.፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ውድ ወ/ሮ ሀ.፣ እንኳን ለ10ኛው ዓመታችሁ አደረሳችሁ። ዕቅዱ ካርታ ላይ ያምራል፤ ባሕሩ ላይ ግን አያዋጣችሁም። ሚኮኖስና ሳንቶሪኒ ሳይክላዲስ ከሚባሉት ደሴቶች የሚቆጠሩ ሲሆን፣ ግሪኮቹ ፓትሞስ የሚሏት ፍጥሞ ግን ከእነዚያ በስተምሥራቅ፣ ለቱርክ ጠረፍ ቀርባ፣ ዶዴካኒስ ከሚባሉት ጋር ትገኛለች። በሁለቱ ወገኖች መካከል በየቀኑ የሚመላለስ መርከብ ስለማይገኝ፣ ብዙ ጊዜ ወደ አቴናው ወደብ ወደ ፒሬየስ ተመልሶ እንደገና መነሣት ግድ ይሆናል፤ ከፒሬየስ ፍጥሞ ድረስ ያለው መንገድ ደግሞ በትልቁ መርከብ ከ7 እስከ 8 ሰዓት የሚፈጅና አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ላይ የሚያደርስ ነው። ፍጥሞ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። እንግዲህ ከ8ቱ ቀናት ውስጥ ስንቱ ሻንጣ በመጎተትና ወደብ ላይ በመጠበቅ እንደሚያልፍ ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ ብታሰሉት፣ ባሕር ዳር መጋደም ለሚፈልገው ለእሱ የሚተርፈው ጊዜ እምብዛም አይደለም።

ኦገስት ሌላም ጣጣ አለው። በኤጅያን ባሕር ላይ በጁላይና በኦገስት ከሰሜን የሚነፍስ ሜልተሚ የሚባል ብርቱ ነፋስ አለ። እንግዳውን የሚያታልለው ነገር ቢኖር ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐይዋም ደምቃ ሳለ ባሕሩ መናወጡ ነው፤ ከሆቴሉ በረንዳ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ጉዞ የሚያስቀር ምክንያት ያለ አይመስለውም። ነፋሱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ የወደብ ባለሥልጣናት መርከቦቹ እንዳይነሡ ያግዳሉ፤ ቀድመው የሚታገዱትም ፈጣኖቹና ትንንሾቹ ናቸው። የመርከብ ድርጅቱ የቲኬቱን ዋጋ ይመልስላችኋል ወይም በሌላ መርከብ ይወስዳችኋል፤ ያመለጣችሁን አውሮፕላን ግን አይከፍልም። ስለዚህ የደሴት ጉዞ የሚታቀደው ከኋላ ወደ ፊት ነው፦ በመጀመሪያ የመመለሻው በረራ ቀን ይያዛል፤ ቀጥሎ ከዚያ በፊት ያለው ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያው ባለበት ደሴት ወይም ከተማ እንዲሆን ይደረጋል፤ የቀረው ሁሉ የሚደለደለው ከዚያ በኋላ ነው። በርካሽ የመርከብ ቲኬት ተታሎ በበረራው ዕለት ጠዋት ባሕር ለመሻገር የሚያቅድ ሰው ገንዘቡን ለነፋስ አስይዟል ማለት ይቻላል።

የጾሙም ነገር አለ። ኦገስት 15 ቀን ግሪኮች የእመቤታችንን በዓል የሚያከብሩበትና የአገሬው ሰው በሙሉ ወደየደሴቱ የሚጎርፍበት የዓመቱ ትልቁ የዕረፍት ቀን ነው። የመርከብ ቦታ ከወራት በፊት ያልቃል፤ የክፍል ዋጋም ጣራ ይነካል። በእኛ አቆጣጠር ግን ቀኑ ነሐሴ 9፣ የፍልሰታ እኩሌታ ነው። የእነሱ ጾም ከኦገስት 1 እስከ 14 ስለሚጸም እርስዎ ገና በጾም ላይ እያሉ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለው ሁሉ ጠቦት እየቆረጠ ይጨፍራል። ይህ ለጾመኛዋም ለባለቤቷም ምቹ የጋብቻ መታሰቢያ አይመስለኝም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ሚኮኖስንና ሳንቶሪኒን ለሌላ ዓመት አቆዩአቸው፤ ጉዞውን ወደ ሴፕቴምበር አጋማሽ ግድም ውሰዱት፤ ከፍራንክፈርት በበጋው ወራት ቀጥታ በረራ ወዳላት ወደ ኮስ ደሴት ብረሩ፤ ከኮስ ደግሞ ካታማራን በሚባለው ባለ ሁለት ቀፎ ፈጣን መርከብ ወደ ፍጥሞ ተሻገሩ። ካታማራኑ በካሊምኖስና በሌሮስ በኩል እየቆመ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያህል ይወስዳል። 3 ሌሊት ኮስ፣ 3 ሌሊት ፍጥሞ፣ የመጨረሻውን 1 ሌሊት እንደገና ኮስ ብታድሩ፣ ነፋስ ቢነሣ እንኳ የምትሸሹበት አንድ ቀን ይኖራችኋል። ለባለቤትዎ ደግሞ ንገሩልኝ፤ የሴፕቴምበር ባሕር በጋውን ሙሉ ፀሐይ ሲሞቀው የከረመ ስለሆነ ከሰኔው ይልቅ ይሞቃል።

ኮስ የሕክምና አባት የሚባለው የሂፖክራተስ አገር ናት። ከከተማው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ያለው የጥንቱ የፈውስ መቅደስ፣ የአስክሊፒዮን ፍርስራሽ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ሁለታችሁንም የሚያስታርቀው ግን ኤምብሮስ ቴርሜ የሚባለው ቦታ ነው። ከገደሉ ሥር የሚፈልቀው ፍልውሃ በድንጋይ ወደ ተከበበ ኩሬ ገብቶ ከባሕሩ ጋር ይቀላቀላል፤ ሰውም ሙቁና ቀዝቃዛው ውኃ የሚገናኙበትን ልክ እየፈለገ፣ አንዴ ወደ ምንጩ አንዴ ወደ ማዕበሉ እየተጠጋ ይቀመጣል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብትሄዱ ይሻላል፤ የመጨረሻው መንገድ በእግር የሚወረድ ስለሆነ ግን ባትሪ ያዙ።

ወደ ፍጥሞ እንምጣ። መርከቡ የሚያወርዳችሁ ስካላ የሚባለው ወደብ ላይ ነው። ከዚያ ሽቅብ የሚታየው ኮረብታ አናት ላይ እ.ኤ.አ. በ1088 በአቡነ ክሪስቶዱሎስ የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም እንደ ምሽግ ቆሟል፤ የራእዩ ዋሻ በወደቡና በገዳሙ መካከል ይገኛል። ገዳሙና ዋሻው በገዳሙ ዙሪያ ካለው ከኮራ መንደር ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የዋሻው ጣሪያ በሦስት የተሰነጠቀ ነው፤ ድምፁ የመጣው በዚያ በኩል ነው ይላሉ። ወንጌላዊው ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚባለው ጉድጓድና ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ የጻፈበት ድንጋይም ይታያሉ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ የሽርሽር መርከብ ወደብ ላይ በቆመ ቀን ተራ ይያዛል። ስለዚህ በማለዳ፣ አሮጌውን የድንጋይ መንገድ ይዛችሁ በእግር ውጡ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ቀን ስለሚዘጋ ሰዓቱን ሆቴሉን ጠይቁ።

ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ነጠላ ይዘው ቢሄዱ ማንም አይገረምም። ጫማ ግን አይወልቅም፤ ከደጃፉ አውልቀው ቢገቡ የሚደነግጠው በር ጠባቂው ነው። መግቢያው ላይ ጧፍ ይበራል፤ ማስቀደስም ይቻላል። ቅዱስ ቍርባንን በሚመለከት ግን የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ምሥጢር አንድ ስላልሆነ ከመሄድዎ በፊት የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። የቅዱስ ዮሐንስ በዓል በደሴቲቱ በድምቀት የሚከበረው ሴፕቴምበር 26 ቀን ነው፤ በእኛ የደመራ ዕለት መሆኑ ነው። በዓሉን ማየት ከፈለጋችሁ ክፍል ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ ጸጥታ ከፈለጋችሁ ደግሞ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ጨርሳችሁ ተመለሱ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጥ ነበር።

በሴፕቴምበር የሚቀርዎ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው። ምግብ ቤት ገብተው «ኒስቲሲሞ» ካሉ የጾም ምግብ መፈለግዎ ይገባቸዋል። ነገር ግን የግሪክ ጾም ኦክቶፐስ፣ ሽሪምፕና ስኩዊድ ስለሚፈቅድ አስተናጋጁ በቅን ልቡና የተጠበሰ ኦክቶፐስ ሊያቀርብልዎ ይችላል። ስለዚህ ጊጋንቴስን በስሙ ይዘዙ፤ ትልልቅ ነጭ ባቄላ በቲማቲም ምድጃ ውስጥ የበሰለ ነው። ሆርታ የተቀቀለ የዱር ቅጠል በሎሚና በወይራ ዘይት ሲሆን፣ ጎመን ለለመደ ሰው አይከብድም። ፋቫ ከክክ የሚሠራ፣ በላዩ ቀይ ሽንኩርትና ዘይት የሚፈስበት ወፍራም ገንፎ መሰል ምግብ ነው፤ ሽሮ የሚወድ ሰው ሁለተኛ ሰሐን ማዘዙ አይቀርም። የሳንቶሪኒው ፋቫ የሚሠራበት ጥራጥሬ የእኛ ጓያ የቅርብ ዘመድ ነው።

ወረቀትን በተመለከተ፣ ፓስፖርታችሁና የጀርመን የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ጊዜያቸው እስካላለፈ ድረስ ለአጭር ጉብኝት ሌላ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ፈቃዱ በመታደስ ላይ ከሆነና በምትኩ ጊዜያዊ ወረቀት ብቻ ከያዛችሁ ግን ለጉዞ የሚያገለግል መሆኑን የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤቱን ሳትጠይቁ ቲኬት አትቁረጡ። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከኮስ ወደብ ላይ የቱርኳ ቦድሩም ፊት ለፊት ትታያለች፤ የደርሶ መልስ ጀልባም በየጥጉ ይሸጣል። ያ ግን ሌላ አገር ነው፤ የቱርክ ቪዛ ጉዳይን አስቀድማችሁ ካልጨረሳችሁ አትሳፈሩ። በመጨረሻም ከክፍሉ ዋጋ ውጭ፣ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር በእያንዳንዱ ሌሊት የሚከፈል የመንግሥት ክፍያ አለ፤ በ2025 በወጣው ተመን ባለ 3 ኮከብ ሆቴል 5 ዩሮ፣ ባለ 4 ኮከብ 10 ዩሮ፣ ባለ 5 ኮከብ 15 ዩሮ በክፍል ይጠየቃል። ኢንተርኔት ላይ ስትይዙ ብዙ ጊዜ ስለማይካተት ስትደርሱ እንግዳ እንዳይሆንባችሁ።

ጥያቄ፦ ሰርጋችን ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ጫጉላችንን በሳንቶሪኒ፣ ገደሉ ላይ ካሉት ነጫጭ ቤቶች በአንዱ ለማሳለፍ እንፈልጋለን። አንድ ወኪል በሁለት ሳምንት ቪዛ አስወጣለሁ ብሎናል። እዚያም ባለአራት ጎማ ሞተር ተከራይተን ደሴቱን ለመዞር አስበናል። ምክርዎን።
ሙሽራው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ጥር ለእኛ የሰርግ ወር ቢሆንም ለሳንቶሪኒ የክረምት እምብርት ነው። ገደሉ ላይ ካሉት ሆቴሎች ብዙዎቹ በዚያ ወቅት ዝግ ናቸው፤ ነፋሱና ዝናቡ ይበረታል፤ መርከብም ይቀንሳል። ፎቶው ላይ ያየኸው ሰማያዊ ጉልላት ቦታው ላይ አለ፤ ከሥሩ የሚቀመጡበት ቡና ቤት ግን ተቆልፎ ታገኘዋለህ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ደሴቱ በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ስትናጥ ከርማ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለጊዜው ለቅቀው ወጥተው ነበር። እሳተ ገሞራ የቆረጣት ደሴት መሆኗን አውቆ መሄድ ጥሩ ነው።

የግድ ወዲያው ከሆነ ቀርጤስ ይሻላችኋል፤ ሃንያና ሄራክሊዮን ዓመቱን ሙሉ ሰው የሚኖርባቸው ከተሞች ስለሆኑ ገበያውም ምግብ ቤቱም አይዘጋም። መጠበቅ ከቻላችሁ ግን ጫጉላውን ከፋሲካ በኋላ አድርጉት። ፋሲካችን ከግሪኮቹ ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል የበዓሉን ሳምንት አሳልፋችሁ በሜይ ብትሄዱ፣ ደሴቱ ተከፍቶ፣ አበባው ሳይደርቅ፣ በበዓለ ኀምሳ ረቡዕና ዓርብ ሳይጾም ትደርሳላችሁ። ባሕሩ ገና ቀዝቃዛ መሆኑን ልደብቅህ አልፈልግም። የገደሉ ክፍል ውድ ስለሆነ 2 ሌሊት ብቻ እዚያ አድራችሁ የቀሩትን በካማሪ ወይም በፔሪሳ በኩል፣ በጥቁሩ አሸዋ አጠገብ ብታሳልፉ ወጪው በብዙ ይቀልላችኋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየትም ሰው ከሚጨናነቅባት ከኢያ ይልቅ ኢሜሮቪግሊን እመርጣለሁ።

የወኪሉን ተስፋ አትመን። የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች የሸንገን ቪዛ ውሳኔ መስጫውን መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ያራዘመ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ አድርጓል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ሊገባ ይችላልና ቀደም በሉ። ዋናው መዳረሻችሁ ግሪክ ከሆነ የሚመለከታችሁ የግሪክ ኤምባሲ ነው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ የመሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤና ከወሳኝ ኩነት የወጣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋችኋል። ሰርጉ ጥር ላይ ቢሆንም የማዘጋጃ ቤቱን ፊርማ ቀደም ብላችሁ ብትጨርሱ ወረቀቱ በጊዜ ይደርሳል፤ ስማችሁም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን አረጋግጡ። ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ገንዘብ የማይመልስ ሆቴል አትክፈሉ።

ሞተሩን ተወው። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ግሪክ ውስጥ ለመንዳት ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ጭምር ያስፈልጋል፤ አከራዩ ሳይጠይቅህ ቁልፉን ቢሰጥህ እንኳ አደጋ ቢደርስ መድኑ አይከፍልህም። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ነፋሱም ከጎን ይገፋል። ከደሴቱ ዋና ከተማ ከፊራ አውቶቡስ ጣቢያ ወደ ኢያ፣ ወደ ካማሪ፣ ወደ ፔሪሳና ወደ አክሮቲሪ አውቶቡስ አለ፤ የመጨረሻው ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ጣቢያው ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ።