«ሰው የሠራውን ማገጣጠም ሙያ ነው ወይ?» ላለችው የአዳማ ተመራቂ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቀሽ ከመምህርሽ ጋር በረዳትነት እየሠራሽ ነው፤ በአዳማ ዙሪያ ባሉት ጉብታዎች ላይ ነፋስ እንዴት እንደሚሄድ ኦፕንፎም በሚባለው የፍሰት ማስያ ሶፍትዌር ታሰላላችሁ። አባትሽ «ባንክ ግቢ» ይሉሻል። ውጭ አገር ያሉት አጎትሽ የዳታ ሳይንስ ኮርስ ልክፈልልሽ ብለዋል። ላፕቶፕሽ 8 ጊጋ ራም ብቻ መሆኑም አሳስቦሻል። እኔን የቆረቆረኝ ግን መሃል ላይ ጣል ያደረግሻት ነገር ናት፦ «እኔ እኮ ሰው የሠራውን ሶፍትዌር ከማገጣጠም በቀር ምንም አልሠራሁም። ሦስት ቀን በአንድ ኤረር አለቀ። ይሄ ሙያ ይባላል?»

ይባላል። አይባልም የሚሉሽ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው አገጣጥሞ ባስረከባቸው ማሽን ላይ የሚሠሩ ናቸው።

የላክሽውን ኤረር እንየው። የመጨረሻዎቹ መስመሮች «አንኖውን ፓችፊልድ ታይፕ» (የማይታወቅ የድንበር ዓይነት) ይሉና ከሥር የሚታወቁትን ስሞች ይደረድራሉ፤ አንቺ የጻፍሽው የነፋስ መግቢያ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። አንቺም ሦስቱን ቀን የፈጀሽው የመነሻና የድንበር እሴቶቹ በሚጻፉበት ዜሮ ፎልደር ውስጥ ስሙን ስትቀያይሪ ነው። ስሙ ምንም አልሆነም። ኦፕንፎም ሲነሳ ኮንትሮልዲክት በሚባለው የማዘዣ ፋይል ውስጥ «ሊብስ» ከሚለው ቃል አጠገብ የተጻፈውን ላይብረሪ (ለብቻው ተገንብቶ የሚጨመር የኮድ ጥቅል) ይከፍታል። ላይብረሪው ሲከፈት በውስጡ ያሉት ዓይነቶች በየስማቸው ሠንጠረዥ ላይ ይመዘገባሉ፤ ሶልቨሩ (ስሌቱን የሚሠራው ፕሮግራም) ኬዙን፣ ማለትም የስሌቱን ፋይሎች፣ ሲያነብ የሚፈልገውን ከዚያ ሠንጠረዥ ያወጣል። ላይብረሪው ባይከፈትስ? በብዙዎቹ እትሞች ፕሮግራሙ እዚያው አይቆምም። ሎጉ አናት ላይ «ኩድ ኖት ሎድ» የሚል ማስጠንቀቂያ ጥሎ ያልፋል፤ የሚወድቀው ብዙ መስመር ቆይቶ፣ ስሙን ፈልጎ ሲያጣ ነው። አንቺ ያየሽው መውደቂያውን ነው፤ ምክንያቱ ላይኛው ማስጠንቀቂያ ውስጥ አለ።

ማስጠንቀቂያው «ኖ ሳች ፋይል» ካለ ላይብረሪው የት እንዳለ አልታወቀም ማለት ነው። አዲስ ተርሚናል ከፍተሽ ላይብረሪውን የገነባሽበትን ሳይሆን የሌላ ኦፕንፎም ባሽአርሲ (ፋይሎቹ የት እንዳሉ ለተርሚናሉ የሚነግረውን ፋይል) ሶርስ አድርገሽ ይሆናል፤ «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ እዚህ ነው የሚያልቀው። አለዚያም ሜክ ፎልደር ውስጥ ያለው «ፋይልስ» የሚባል ፋይል የመጨረሻ መስመር ላይ መድረሻውን በራስሽ ዩዘር ሊብቢን (የተጠቃሚው የላይብረሪ ፎልደር) ሥር አላደረግሽም።

«አንዲፋይንድ ሲምቦል» (ያልተገኘ የኮድ ስም) ካለ ደግሞ ፋይሉ ተገኝቷል፣ ግን የተገነባው ከሌላ እትም ጋር ነው። ኦፕንፎም ሁለት ዋና ቅርንጫፍ አለው። የኦፕንፎም ፋውንዴሽኑ 11፣ 12 እያለ ይቆጥራል፤ በኢኤስአይ ኩባንያ ስም የሚታወቀው በዓመትና በወር 2312፣ 2406 እያለ ይወጣል። ለአንዱ የተገነባ ላይብረሪ በሌላው ላይ አይሠራም፤ ኮዱ ራሱ ሳይስተካከል ላይኮምፓይል ይችላል። መምህርሽ ኮዱን የሰጡሽ ከአንደኛው፣ አንቺ የጫንሽው ሌላኛውን ከሆነ፣ በስም ተመሳሳይነት ብቻ ሳምንት ትከርሚያለሽ። በአንዱ ቅርንጫፍ ውስጥም ቢሆን ላይብረሪው የተቀመጠበትን ፎልደር ስም አንብቢ፦ ሊነክስ64፣ ጂሲሲ፣ ዲፒ፣ ኢንት32፣ ኦፕት። ኮምፓይለሩን፣ ቁጥሩ ደብል ፕሪሲዥን (ባለ 64 ቢት አስርዮሽ) መሆኑን፣ የኢንዴክሱን ስፋት ይነግርሻል። በ64 ቢት ኢንዴክስ የተገነባውን ከ32ቱ ጋር አትቀላቅዪ።

የምትሄጂበት ቅደም ተከተል ይህ ይሁን። መጀመሪያ የነቃው እትም የትኛው እንደሆነ በተርሚናሉ አሳዪ። ቀጥሎ ፋይሉ በቦታው መኖሩን እዪ። ከዚያ ላይብረሪው ላይ ኤልዲዲ የሚባለውን ትእዛዝ ስጪ፣ የሚያስፈልጉትን ሌሎች ላይብረሪዎች ይዘረዝራል፤ «ኖት ፋውንድ» የሚል መስመር ካለ የጎደለው እሱ ነው። የተጠማዘዘውን የሲምቦል ስም በሲፕላስፕላስፊልት አስተላልፊው፤ ፈንክሽኑን ከነአርጉመንቱ በሚነበብ ስም ያወጣልሻል፤ ምን እንደተቀየረ ያኔ ታያለሽ። በመጨረሻ የድሮውን ግንባታ በደብልዩክሊን አጥፍተሽ በደብልዩሜክ እንደገና ገንቢ። ሙከራውንም በጉብታው ሜሽ (ቦታውን በትናንሽ ሴሎች የሚከፋፍለው መረብ) ላይ አታድርጊ፤ ከቱቶሪያሎቹ ካቪቲ የሚባለው 400 ሴል ብቻ ነው፣ በሰከንዶች ያልቃል።

ኤረር የሚሰጥ ላይብረሪስ ወዳጅ ነው። የሚያስፈራው ዝም የሚለው ነው። ኦፕንፎሙን አሻሽለሽ ላይብረሪሽን ሳትገነቢ ከቀረሽ አንዳንዴ ይከፈትና መሃል ላይ በሴግመንቴሽን ፎልት ይወድቃል፤ ሲብስም ሳይወድቅ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ውጤቱን አስቀድመሽ የምታውቂው አንድ ትንሽ ኬዝ አስኪጂ። መግቢያው ላይ የሰጠሽው የነፋስ ፍጥነት በየከፍታው በትክክል መውጣቱን ማየት ለጀማሪ ይበቃል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ያባከንሽው የመሰለሽ ሦስት ቀን የሥራው እምብርት ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እንግሊዝ አገር ውስጥ ይህን የሚሠሩ ሰዎች «ሪሰርች ሶፍትዌር ኢንጂነር» የሚል መጠሪያ ይዘው ብቅ አሉ፤ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው በዚሁ ስም ይቀጠራሉ። ችሎታውም በአንድ ሶፍትዌር አይታሰርም። የካርታ ሶፍትዌሩ ኪውጂስ ፕለጊኑ (ተጨማሪ ክፍሉ) የሚጠይቀውን ዝቅተኛ እትም በሜታዳታ ፋይሉ ያነባል፤ የዳታ ማስቀመጫው ኤችዲኤፍ5 ማመቂያ ፕለጊኖቹን የሚፈልገው በአንድ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ነው፤ የሞለኪውል እንቅስቃሴ ማስያው ላምፕስ ፓኬጆቹን የሚቀበለው ሲገነባ ነው። ጥያቄው በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፦ ማን ነው የሚፈልገው፣ የት ነው የሚፈልገው፣ ከምን ጋር ተገነባ?

ከሰርቨር ክፍል በኩል ስለማየው ይሆናል፣ እኔ የምመክርሽ መሠረትሽን ሊነክስ ላይ እንድትጥዪ ነው። ስፓክን ወይም ኢዚቢልድን ተማሪ፤ አንድን ላይብረሪ ከነጥገኞቹ በየእትሙ የሚገነቡ መሣሪያዎች ናቸው። ከዚያ አንድ የተበላሸ የግንባታ መመሪያ አግኝተሽ አስተካክለሽ ላኪላቸው። ከተቀበሉት ማንም ቀጣሪ ከፍቶ የሚያየው ማስረጃ ይሆንልሻል። ሲቪሽ ላይም «ኦፕንፎም አውቃለሁ» አትበዪ፤ የትኛውን እትም በምን ላይ እንደገነባሽ፣ የትኛውን ላይብረሪ እንደጻፍሽና በምን እንደፈተሽሽው ጻፊ።

ወደ አባትሽ ልምጣ፤ በግልጽ እናገራለሁ። ቤቱ በአንቺ ደሞዝ የሚኖር ከሆነ ባንኩን ያዢ፣ ምንም ነውር የለበትም፤ ማታ ማታ ቀጥዪበት። ቤቱ ያላንቺ የሚኖር ከሆነ ግን «ባንክ ገባች» ለመባል ብቻ መስኮት ላይ መቀመጥ ለጎረቤት የሚከፈል ግብር ነው። አባትሽ ወር ሲደርስ የሚገባ ገንዘብ ማየት ይፈልጋሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ስለዚህ ቀን ቆርጠሽ ንገሪያቸው፦ እስከ መጪው መስከረም የሚከፈል ነገር ካላገኘሁ አመለክታለሁ በያቸው። ባንክ ካልቀረም በአይቲ ክፍሉ በኩል ሞክሪ። ማስታወቂያዎቹ በብዛት ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ተዛማጅ ስለሚሉ የሜካኒካል ዲግሪሽ ሊያስጥልሽ ይችላል፤ ያኔ በጽሑፍ ከያዝሽው የሊነክስ ሥራ ጋር አመልክቺ።

የአጎትሽ ኮርስ ይቅር፤ ያን ነገር በነፃ ትማሪዋለሽ። ልስጥሽ ካሉ ላፕቶፑ የሚቀበል ከሆነ ራሙን ወደ 16 ያሳድጉልሽ። 8 ጊጋም ቢሆን ለመማር ይበቃል፤ ለ1 ሚሊዮን ሴል ቢያንስ 1 ጊጋባይት ገደማ አስቢ። መብራት ሲሄድ ከዜሮ እንዳትጀምሪ ኮንትሮልዲክት ላይ መነሻውን «ሌተስትታይም» (መጨረሻ የተጻፈው ጊዜ) አድርጊ፣ መጻፊያ ልዩነቱን አሳጥሪ፣ ፐርጅራይትን 2 በዪ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ውጤቶች ብቻ ስለሚያስቀር ዲስኩም አይሞላም።

በነፋስ ጣቢያዎቹ መቀጠር እንደሆነ ብዙ አትጠብቂ። አዳማ 1 51 ሜጋዋት፣ አዳማ 2 153 ሜጋዋት ሆነው ቆመዋል፤ የአንቺ ዓይነት ስሌት የሚፈለገው ተርባይኑ የት ይተከል ሲባል ነው፣ ከቆመ በኋላ ያለው ሥራ በአመዛኙ ጥገና ነው።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር አለ። ረዳትነቱ በቃል ብቻ ከሆነ በጽሑፍ ይሁንልሽ፤ ላይብረሪውን የጻፍሽው አንቺ ከሆንሽም ስምሽ በጥናቱ ጽሑፍ ላይ እንዲገባ መምህርሽን ጠይቂ። ጽሑፉ ከተላከ በኋላ ስም ማስገባት ከባድ ነው፤ ጉዳዩን አሁን፣ ስሌቱ ገና ሳያልቅ አንሺው።