ሱቁ ባዶ ነው፤ ግብሩስ?

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለኝ። ከሥሩ ሦስት ሱቆች አሉ። አንዱ ተከራይቷል፤ ሁለቱ ከጥቅምት ጀምሮ ዝግ ናቸው። ከሁለቱ የአንደኛው ተከራይ ሐምሌ ላይ የዓመት ኪራይ ከፍሎ በአራተኛ ወሩ ዘግቶ ሄደ። ኮምቦልቻም መጋዘን አለኝ። የዱቄት ነጋዴ ነበር የያዘው፤ እሱ ከለቀቀ ዓመት አለፈው። ከመጋዘኑ ጎን በ2012 በሊዝ የወሰድኩት ቦታ አለ። አጥሬዋለሁ እንጂ አልገነባሁበትም። ገቢዎች ስሄድ ‹አምና በከፈሉት ልክ ይከፍላሉ› አሉኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ‹አዲሱ አዋጅ ባዶ ቤት ላይ እጥፍ ነው› ይላል። ለንደን ያለው ልጄም እዚያ ባዶ ሱቅ ግብር እንደሚከፈልበት ነገረኝ። ካልተከራየ ቤት ምን አገኘሁና ነው የምከፍለው?»

አብሽሩ እኅቴ። የሚከፍሉት አለ፤ የማይከፍሉትም አለ። ችግሩ ሦስት የተለያዩ ክፍያዎች በሰው አፍ አንድ ሆነው «ግብር» መባላቸው ነው። የኪራይ ገቢ ግብር አለ። የቤት ግብር፣ በአዲሱ ስሙ የንብረት ታክስ፣ አለ። የሊዝ ክፍያ አለ። የመጀመሪያው ያገኙትን ገንዘብ ይከተላል። ሁለተኛው ሕንፃውን ይከተላል። ሦስተኛው ቦታውንና የፈረሙትን ውል ይከተላል። የሱቁ ባዶ መሆን የሚቀንስልዎት የመጀመሪያውን ነው። እሱንም ቢሆን ባዶነቱን በወረቀት ካሳዩ ነው።

ከገቢ ግብሩ ልጀምር። ከግል ቤትና ከሌላ ንብረት በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የመጣል ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 ለክልሎች የተሰጠ ነው። መርሁ በፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሰንጠረዥ «ለ» ላይ ካለው የተለየ አይደለም። ግብሩ የሚጣለው ቤት በማከራየት በተገኘ ገቢ ላይ ነው። ገቢ ከሌለ ግብር የለም። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ተዘግቶ ሌላ ብር ያላስገባው ሱቅ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ላለው ብቻ ይታሰብበታል። መጋዘኑም ዓመቱን ሙሉ ባዶ ከነበረ ለዚያ ዓመት የኪራይ ገቢ የለውም። «አምና በከፈሉት ልክ» የሚባል ሕግ የለም። የጠረጴዛ አሠራር ነው።

የዓመት ኪራይ የከፈለው ሱቅ ግን ሌላ ነው። ሱቁ ባዶ ሆኗል፤ ገንዘቡ ግን እጅዎ ገብቷል። ተከራዩ በፈቃዱ ጥሎ ስለሄደ የስምንት ወሩን ኪራይ ካልመለሱለት፣ ያ ብር የኪራይ ገቢ ነው። «ዝግ ነው» ብለው ከቆረጡት ነገ ውሉ ሲወጣ ከነቅጣቱ ይመጣል። ከመለሱለትም የመለሱበትን ደረሰኝ ወይም የባንክ ዝውውር ይያዙ። ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገርም አለ። በውሉ መሠረት ተከራዩ በራሱ ወጪ የሠራው እድሳት ካለ፣ ዋጋው ከኪራዩ ጋር እንደ ገቢ ይቆጠራል። ተከራዩ በእርስዎ ስም የከፈለው ነገር ካለም እንዲሁ። መደርደሪያውን ነቅሎ ከሄደ ግድ የለም። ወለሉን ሴራሚክ ቀይሮ፣ ለዚህም ውሉ ላይ ከተጻፈ፣ ያንን ያስቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ገቢዎች ያለ በቂ ሰነድ የቀረበ ግብር ከፋይን በግምት ማስከፈል ይችላል። ግምቱ ስህተት ነው ካሉ ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ እርስዎ ላይ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ባለ ቤት የሚወድቀው። «ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ዝግ ነው» ይላል። ሰፈሩ ያውቃል፤ ፋይሉ አያውቅም። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል ይባል የለ!

ፋይሉ ለምን «ተከራይቷል» እንደሚል ልንገርዎት። ተከራዩ ንግድ ፈቃድ ያወጣው የእርስዎን ሱቅ አድራሻ ሰጥቶ፣ ከእርስዎ ጋር የተዋዋለውን የኪራይ ውል አያይዞ ነው። ሰውዬው ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ ፈቃዱን ካልመለሰ ወይም አድራሻ ካልቀየረ፣ በመንግሥት መዝገብ አሁንም እዚያው እየነገደ ነው። ውሉም ውልና ማስረጃ ከተፈረመ እዚያው ሳይፈርስ ተቀምጧል። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሲያይ የሚያገኘው ሕያው ተከራይ ነው። ታዲያ በምን ያምንዎታል?

ስለዚህ በመጀመሪያ የኪራይ ውሉን በጽሑፍ ያቋርጡ። ውሉ የተፈረመው ውልና ማስረጃ ከሆነ ማፍረሻውም እዚያው ይሁን። ተከራዩ ጠፍቶ ከሆነ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጀምሩ፤ የላኩበትን ማስረጃ ያስቀምጡ። ሲለቅ ካገኙት የቁልፍ ርክክብ ወረቀት ያስፈርሙት፤ ቀኑ፣ የመብራት ቆጣሪው ንባብና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይኑርበት። ከዚያ ለገቢዎች «ሱቁ ከዚህ ቀን ጀምሮ ባዶ ነው» የሚል ደብዳቤ ያስገቡ። ደብዳቤውን ለሚያውቁት ሠራተኛ በእጅ ሰጥቶ መምጣት አይሠራም። መዝገብ ቤት ገቢ ይደረግ። ኮፒው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርገው ይመለሱ። ቀበሌውም መጥቶ አይቶ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ።

የመጋዘኑ ፋይል ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ያስገቡት ደብዳቤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ብቻውን ኮምቦልቻ አይደርስም። ሁለት ከተማ፣ ሁለት አስተዳደር፣ ሁለት ደብዳቤ።

ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ መጋዘኑ ከአንድ ዓመት በላይ ባዶ የቆየበት ደንበኛ ነበረኝ። አንድም ወረቀት አልነበረውም። ጥበቃው ሊመሰክር ቀረበ፤ «ያንተ ተቀጣሪ ነው» ተባለ። ያዳነን የመብራት ቢሉ ነው። ወር ከወር የአንዲት አምፖል ፍጆታ ብቻ ነበር የሚያሳየው። ወፍጮ ወይም ማቀዝቀዣ ያለው ተከራይ እንደዚያ አያነብም። የእርስዎ ተከራይ የዱቄት ነጋዴ ስለነበር የበፊቱንና የኋላውን ቢል ጎን ለጎን አድርገው ያቅርቡ። ልዩነቱ ራሱ ይናገራል።

የሁለተኛው ክፍያ ወሬ በጣም የተደባለቀ ነው። በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የመጣው የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር አለ። ሰዉ «ጣራና ግድግዳ» የሚለው ይኸኛውን ነው። የቤት ግብሩ የሚሰላው በቤቱ ዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ ነው። ልብ ይበሉ፣ ግምት ነው የተባለው። ቤቱ ቢከራይ ስንት ያወጣል ተብሎ የሚታሰብ እንጂ ስንት አወጣ ተብሎ አይደለም። ስለዚህ ባዶም ቢሆን ይከፈላል። ማስታወቂያው ላይ «የኪራይ ግምት» የሚል ቃል ሲያዩ ብዙዎች «ላልተከራየ ቤት የኪራይ ግብር ጠየቁኝ» ብለው ይመጣሉ። አይደለም። የእርስዎም ወረቀት የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ይለዩ። የተጠቀሰው አዋጅ ቁጥር ይነግርዎታል። ካልተጠቀሰ ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።

አዲሱ ደግሞ በጥር 2017 በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365/2017 ነው። ጎረቤትዎ ያወሩት ይኸን ይመስለኛል። አዋጁ ማዕቀፍ ነው፤ ዝርዝሩን በየራሳቸው ሕግ የሚያወጡት ክልሎች ናቸው። ታክሱ የሚሰላው በንብረቱ ሙሉ ዋጋ ላይ አይደለም፤ በ25 በመቶው ላይ ነው። ምጣኔው ለሕንፃ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ ለመሬት የመጠቀም መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ነው። በምሳሌ ልየው። ሕንፃዎ 8 ሚሊዮን ብር ቢገመት፣ ሩቡ 2 ሚሊዮን ነው። በዝቅተኛው ምጣኔ በዓመት 2,000 ብር፤ በከፍተኛው 20,000 ብር ይሆናል። የመሬቱ ለብቻው ይታሰባል። ይህ ግብር ተከራይ መኖሩን አይጠይቅም። ባለ ቤት መሆንዎ ይበቃዋል። «እጥፍ» የሚለውን ግን ቁጥር፣ አንቀጽና ቀን ያለው ወረቀት እስኪያዩ ድረስ በጎረቤት ወሬ አይክፈሉ፣ በጎረቤት ወሬም አይሸበሩ። ስለ ባዶ ቤት የሰሙት ነገር ከመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጋር ተደባልቆም ሊሆን ይችላል። ያ አዋጅ ስሙ እንደሚለው ለመኖሪያ ቤት ነው። ሱቅና መጋዘን ውስጥ አይገባም።

ልጅዎ እውነቱን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከሚያዝያ 2008 ወዲህ፣ በእነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ባዶ ሱቅና ቢሮ ለሦስት ወር፣ ባዶ ፋብሪካና መጋዘን ለስድስት ወር ከግብር ነፃ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በመርህ ደረጃ ሙሉው ይጠየቃል። ሐሳቡ ባለ ንብረቱ ዋጋ ቀንሶ እንዲያከራይ መግፋት ነበር። አንዳንዱ ግን ከማከራየት ይልቅ የመጋዘኑን ጣሪያ አስነስቶ «ይኸው፣ አገልግሎት አይሰጥም» እስከማለት ደርሷል። እኛ ጋ ይህን መላ እንዳያስቡት። ጣራው ቢነሳ ግድግዳው ይቀራል።

ከተማ አስተዳደር ባዶ ቤትን ይቅጣ ወይስ አይቅጣ ብትሉኝ፣ እኔ ሁለት ባለ ቤት አያለሁ። አንዱ የዓመት ቅድሚያ ካልተከፈለኝ ብሎ ሱቁን ቆልፎ የተቀመጠ ነው። ፒያሳ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ እሱን ቢነካኩት አላዝንም። ሌላው ተከራይ ያጣ ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ መጋዘንና ፋብሪካ ሲዘረፍ፣ ባዶ የቀረው ቤት ሁሉ ባለቤቱ ስለፈለገ አልነበረም። ሁለቱን በአንድ ዱላ መምታት ፍትሕ አይሆንም። ለማንኛውም ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ ሕግ አይደለም።

አሁን ወደሚያስፈራኝ እንሂድ፤ ወደ ሊዙ ቦታ። እርስዎ ዳር ላይ ጣል አድርገው አለፉት፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የከበደው እሱ ነው። ግብር ቢሳሳት ብር ነው የሚሄደው። እዚህ ቦታው ራሱ ሊሄድ ይችላል። በከተማ መሬት ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ከአዲስ አበባ ውጭ የሊዝ ዘመን ለኢንዱስትሪ እስከ 80 ዓመት፣ ለንግድ እስከ 70 ዓመት ነው። ሰው ይህን አይቶ «ጊዜ አለኝ» ይላል። ነገር ግን ያው አዋጅ ግንባታ የሚጠናቀቅበትን ጊዜ ይወስናል፤ ለአነስተኛ እስከ 24 ወር፣ ለመካከለኛ እስከ 36 ወር፣ ለከፍተኛ እስከ 48 ወር። በተወሰነ መጠን ይራዘማል እንጂ ክፍት አይደለም። አጥር ደግሞ ግንባታ መጀመር አይደለም። አዋጁ ቢያንስ መሠረት ወጥቶ የኮለን (የምሰሶ) ብረት መቆም አለበት ይላል። በ2012 የፈረሙት ውል በየትኛውም ምድብ ቢገባ ጊዜው አልፏል።

መውጫው ምንድን ነው? የጦርነቱ ጊዜ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 በመንግሥት እጅ አልነበሩም። ከዚያም በኋላ ሲሚንቶም ሠራተኛም እንደልብ አልተገኘም። ግን የአንድ ወሩ ጦርነት የብዙ ዓመቱን ዝምታ አይሸፍንም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ሳይደርስዎ የማራዘሚያ ጥያቄዎን ከግንባታ ዕቅድና ከገንዘብ ምንጭ ጋር ራስዎ ያስገቡ። ዓመታዊ የሊዝ ክፍያዎም ውዝፍ ካለበት አስቀድመው ይክፈሉ። ውዝፍ ያለበት ሰው ማራዘሚያ ሲጠይቅ ጆሮ አያገኝም።

ገቢዎች በደብዳቤዎ ሳይስማማ የአምናውን ልክ በጽሑፍ ከወሰነብዎ ቀን መቁጠር ይጀምሩ። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ ማቅረቢያው ውሳኔው ከደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። የቅሬታው መልስ ካላረካ ወደ ይግባኝ የሚኬደው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ ከሚከራከሩበት ግብር ከፊሉን አስቀድመው እንዲያስይዙ ይጠየቃሉ። የእርስዎ ጉዳይ በክልሉ ሕግ ስለሚታይ ቀኑን ከማስታወቂያው ላይ ያንብቡ። የማይከራከሩበትን፣ ማለትም የተከራየውን ሱቅና የቅድሚያ ክፍያውን ግብር፣ በወቅቱ ይክፈሉ። ጠቅላላውን ይዘው ቢቀመጡ ወለዱና ቅጣቱ በትክክለኛው ዕዳ ላይም ይቆጥራል።

የሊዝ ውሉን ኮፒና እስካሁን የከፈሉበትን ደረሰኞች ይላኩልኝ። የግንባታ ማጠናቀቂያ ቀኑን ውሉ ላይ ሳላይ ስለዚያ ቦታ ከዚህ በላይ አልናገርም።