በፎቶ ጠርዝ ላይ ስለሚታየው ሐምራዊ ጭጋግ

ወንድሜ፣ ጀምበር ከጦሳ ተራራ ጀርባ ስትጠልቅ ያነሱት ፎቶ ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ጭጋግ ስላሳየ፣ አዲሱን ስልክ ለሻጩ ልመልሰው ወይ ብለው ጠይቀዋል፤ እኔ አይመልሱት እላለሁ። ኃይለኛ ብርሃን ከምስሉ ክልል ጥቂት ወጣ ብሎ በሰያፍ ሲገባ፣ በሌንሱ መስታወቶችና ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል በሚለውጠው ሴንሰር መካከል እየተንጸባረቀ እንዲህ ያለ ጭጋግ ይፈጥራል፤ አብዛኞቹን ትንንሽ ካሜራዎች ይብዛም ይነስም ይህ ያጋጥማቸዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. አይፎን 5 ሲወጣ ይኸው ነገር እንደ ከባድ ጉድለት ተራግቦ ነበር፤ አፕል የሰጠው ምክር ግን ካሜራውን ጥቂት ማዘንበል ወይም ሌንሱን በእጅ መከለል የሚል ነበር። ገንዘቡን አጠራቅሞ ስልክ የገዛ ሰው በእንዲህ ያለ ወሬ ሲሸበር ከልቤ አዝናለሁ። እኔም ሐይቅ ዳር ሳነሳ መዳፌን እንደ ባርኔጣ ጥላ ከሌንሱ በላይ ብዘረጋ ጭጋጉ ወዲያው ጠፋ። አስቀድመው ግን የጣት ወዙን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉለት።