ስለ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ፦ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምሠራ ቴክኒሻን ነኝ። ስለሚወልቀው ሙሉ ጥርስ ጠይቁኝ። ዋጋ ግን አትጠይቁኝ፤ እሱን የሚነግራችሁ አፋችሁን ያየ ሐኪም ነው። ከወዲሁ ሁለት ነገር ልበል፦ ማታ አውልቁት፤ በፈላ ውኃ አትንከሩት።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጋሼ፣ እናቴ የላይኛው ተስማምቷታል፤ የታችኛው ግን ስታወራ ይነሣባታል። ሠሪው አበላሽቶት ይሆን?

መልስ፦ እህትዓለም፣ ሠሪውን ለመርገም አትቸኩዪ። የላይኛው ሰፊ ላንቃ ላይ ስለሚያርፍ፣ ዳር ዳሩም በደንብ ከተዘጋ፣ ስስ ምራቅ ብቻ አጣብቆ ይይዘዋል። የታችኛው ግን መካከሉን ምላስ ወስዶበታል፤ የቀረለት ጠባብ የድድ ጠርዝ ነው። ምላስ በተነሣ ቁጥር አብሮ ይነሣል። በዚያ ላይ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አጥንቱ መክሳቱን አያቆምም፤ የታችኛው መንጋጋ ደግሞ ከላይኛው በአራት እጥፍ ያህል እንደሚከሳ በረጅም ዓመታት ክትትል ታይቷል። እናትሽ ያለ ጥርስ ብዙ ዓመት ከቆዩ ችግሩ ከዚያ ይመነጫል። የምላሳቸውን ጫፍ የታችኛው ፊት ጥርስ ጀርባ ላይ ማሳረፍ ይልመዱ፤ ጉርሻውን አሳንሰው በሁለቱም ጎን እኩል ያኝኩ። ካልተሻለ ሐኪሙ የጥርሱን ውስጥ በአዲስ አክሪሊክ፣ ማለትም ጥርሱ በሚሠራበት ድድ መሰል ፕላስቲክ፣ ይሙላላቸው። አቅም ካለ ደግሞ ከታች አጥንት ላይ ሁለት ብሎን አስተክሎ ጥርሱን በእነሱ ላይ ማስያዝ ይቻላል።

ከደብረ ማርቆስ፦ የላይና የታች ስንት ብር ይፈጃል?

መልስ፦ መግቢያውን አንብብ።

ከደብረ ኤልያስ፦ ቅኔ አስተምራለሁ። ጥርስ ካስገባሁ ወዲህ «ሰ» ያፏጭብኛል፣ «ፈ» ደግሞ ይሰንፍብኛል። ተማሪዎቼ ይሥቃሉ።

መልስ፦ የኔታ፣ ሰው ሁሉ ቢጠይቀኝ የምወደውን ጠየቁኝ። «ፈ» የሚወጣው የላይኛው የፊት ጥርስ ጫፍ የታችኛውን ከንፈር ሲነካ ነው። ጥርሱ አጥሮ ወይም ወደ ውስጥ ገብቶ ከተደረደረ አየሩ ባዶውን ያልፋል። «ሰ» ሲባል የላይና የታች ጥርሶች ሳይነካኩ ይቀራረባሉ፤ ኳ ኳ የሚሉ ከሆነ ቁመታቸው ከልክ አልፏል፤ የሚያፏጭ ከሆነ ከፊት ጥርሶች ጀርባ ያለውን አክሪሊክ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ መታወቅ ያለበት በሰሙ ሙከራ ቀን ነው፤ ማለትም ጥርሶቹ ገና ሮዝ ሰም ላይ ተደርድረው አፍ ውስጥ ሲለኩ። ያን ቀን ሰሙን በጋለ ቢላዋ አለስልሼ አንዱን ጥርስ በፀጉር ስፋት እገፋለሁ፣ ሌላውን አነሣለሁ። አክሪሊክ ከሆነ በኋላ ግን ሥራው በሞረድ መታገል ነው። ሰው ግን መስታወት አይቶ «ነጭ ነው፣ ያምራል» ብሎ ይሄዳል! በሰሙ ቀን ተናገሩ፣ ቁጠሩ፣ ዳዊት ድገሙ። ሐኪሙ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። እርስዎ የኔታ፣ ጥርሱ አዲስ ከሆነ ለጥቂት ሳምንት ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ፤ ምላስ ይለምዳል። ካልለመደ ይመለሱ።

ከቡሬ፦ ሰሙን ነገሩን፤ ወርቁስ? አንድ የወርቅ ጥርስ መሐል ቢገባበት?

መልስ፦ ይቻላል። ቀጣይ።

ከእንጅባራ፦ አባቴ ጥርሱን በአረቄ ያጥባል። ጀርም ይገድላል ይላል።

መልስ፦ አረቄ አክሪሊኩን ይሰነጣጥቀዋል። የጥርስ ሳሙናም ይቧጭረዋል፤ መፋቂያም ለድዱ እንጂ ለእሱ አይሆንም። በለስላሳ ብሩሽና በተራ ሳሙና፣ ከሥሩ ውኃ የያዘ ሳፋ አስቀምጦ ይጠበው፤ ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ጥርስ ሁለት ይሆናል። ማታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ። የፈላ ውኃ አላልኩም፤ ይጣመማል።

ከሞጣ፦ ለፋሲካ ጥሬ ሥጋ እበላለሁ ወይስ አበቃልኝ?

መልስ፦ የማኘክ ኃይልህ ከተፈጥሮ ጥርስ አንድ አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ሥጋውን በፊት ጥርስ ነክሰህ በቢላዋ ስትቆርጥ የላይኛው ከኋላ ይላቀቃል። ሳህን ላይ አድቅቀህ በጎን አኝክ።

ከቢቸና፦ የደቀቀማ ክትፎ ነው፤ ጥሬ ሥጋ አይባልም።

ከዳንግላ፦ ሆድ ውስጥ ሲገባ ምን ልዩነት አለው?

ከቢቸና፦ ልዩነቱ ቢላዋው ነው! ሳህን ላይ ተከትፎ ከሚቀርብልኝ ሽሮ ልብላ።

ከሞጣ፦ ወንድምዓለም፣ ሠላሳ ሁለት ጥርስ ይዘህ ስለ እኔ ሥጋ አትፍረድ።

መልስ፦ ሥጋ ቤት አይደለንም። ወደ ጥርስ።

ከደጀን፦ ጥርሱ አልተስማማኝም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የቱ ጋ? ላላ? ቆሰለ? አቅለሸለሸህ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ከደጀን፦ ከታች በቀኝ በኩል ድዴን አቁስሎኛል። በሞረድ ልንካው ይሆን?

መልስ፦ አትንካው! እስኪታይ አውልቀህ ቆይ፤ ወደ ሐኪም ከመሄድህ አንድ ቀን በፊት ግን አድርገው፤ የቆሰለበት ቦታ በግልጽ ካልታየ ሐኪሙ የት እንደሚሞርድ አያውቅም። ጥርሱ ወጥቶም በሁለት ሳምንት የማይድን ቁስል ከሆነ ጥርስ ሠሪ ጋ ሳይሆን ሐኪም ጋ በፍጥነት ሂድ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ማታ ማውለቅ ግዴታ ነው? ባለቤቴ ያለ ጥርስ አይታኝ አታውቅም።

መልስ፦ ስንት ጊዜ ልድገመው? ሌሊት የማይወልቅ ጥርስ ሥር ፈንገስ ይራባል፤ ላንቃው ቀልቶ ያብጣል። ጃፓን ውስጥ በዕድሜ በጣም የገፉ ሰዎችን የተከታተለ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ጥርሳቸውን ሳያወልቁ የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ አደጋቸው ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ክዳን ያለው ዕቃ ገዝተህ ውኃ ሞልተህ ራስጌህ አስቀምጥ። ባለቤትህ እንደሆነች ታውቃለች።