አዳማ ላለ ቤት ስፕሊት ኤሲ ወይስ በቱቦ የሚሄደው?

ወንድሜ፣ «ለሳሎንና ለአንድ መኝታ ቤት የቱን ላስገባ?» ላልከው፣ ያለጥርጥር ስፕሊት፣ ማለትም አንዱ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ላይ፣ ሌላው ውጭ የሚገጠመው። ተሠርቶ ላለቀ ቤት ኮርኒስ አታፈርስም፤ ግድግዳው ላይ የቡና ሲኒ አፍ የምታህል ቀዳዳ ትበቃለች። በቱቦ የሚሄደው ግን ከአንድ ማሽን ቀዝቃዛ አየር በኮርኒስ ውስጥ ወደየክፍሉ የሚያደርስ ነው፤ ቅዝቃዜው ጣሪያ ስር ባለው ሙቀት መንገድ ላይ ይባክናል፤ የአዳማን ቆርቆሮ በመጋቢት አስበው! የተኛህበትን ክፍል ብቻ ማብራት መቻልህም ቆጣሪህን ያሳርፈዋል። ኢንቨርተር ያለውን ግዛ፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ሞተሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ አሥር ጊዜ እየጠፋ አይነሳም። «ማሞቂያም አለው» ብለው ዋጋ ቢጨምሩብህ ግን ተወው፣ እዚህ ለኅዳር ሌሊት ጋቢ ይበቃል። የኔን ያስቸገረው አቧራው ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ፊልተሩን አውጥቼ ሳጥበው ውሃው ጭቃ ሆኖ ይወርዳል። የመብራቱን መዋዠቅ የሚያስተካክለውን ስታቢላይዘርም አትርሳ፣ መብራቱን ታውቀዋለህ።