ልጃችን ፓርቲ ሄዶ ከዩኒቨርሲቲ ታገደ፤ አባቱ አላናግረውም ብሏል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጃችን 18 ዓመቱ ነው። በዚህ ዓመት፣ በ2020 ኦገስት፣ በኮቪድ ወረርሽኝ መሀል፣ ሌላ ስቴት ያለ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ከግቢው ውጭ በአንድ ቤት በተዘጋጀ ፓርቲ ላይ ተገኘ። ሌሎች ልጆች በለጠፉት ቪዲዮ ላይ ያለ ማስክ ሲጨፍር ታየ። ትምህርት ቤቱ ሴሚስተሩን በሙሉ አገደው፤ ዶርሙንም በአንድ ቀን ውስጥ ልቀቅ አለው። የከፈልነው ገንዘብ አይመለስም ተብለናል። ባሌ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ከማርች ወዲህ ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ስድስት ሰዓት ነድቶ ልጁን አመጣው። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እስካሁንም አያናግረውም። ለዘመድ «ትምህርቱ ኦንላይን ሆኖ ነው» ብለናል። ልጁ ቤዝመንት ገብቶ ይተኛል፣ ከእኛ ጋር አይበላም። እኔ የምሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። በኤፕሪል ስንከባከባቸው የነበሩ ሰዎች ሞተውብኛል። ስኳር ያለባቸው እናቴ ከእኛ ጋር ስለሚኖሩ ልብሴን ጋራዥ ውስጥ ቀይሬ ነው ቤት የምገባው። ልጄ ይህን እያወቀ እንዴት ይህን ያደርጋል? በባሌ ልቆጣ ወይስ በልጄ? ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ከእርስዎ ንዴት ልጀምር። ቤተሰቡ ሁሉ ስለ አባትየው ዝምታ እያሰበ የእርስዎ ንዴት መሀል ላይ የተረሳ ይመስለኛል። ለወራት ጋራዥ ውስጥ ልብስ እየቀየሩ፣ እናትዎን እንኳ እንደልብዎ ሳያቅፉ ከርመዋል። ቢናደዱ እውነትዎን ነው። ባለቤትዎ ስላኮረፉ ብቻ እርስዎ የግድ አባባይ መሆን የለብዎትም። ልጅዎ ንዴትዎን ከራስዎ አፍ መስማት አለበት።

የልጁን ጥፋት በልኩ ለማየት ግን ዙሪያውን ማየት ይጠቅማል። በዚህ ኦገስት በአሜሪካ ብዙ ኮሌጆች ተማሪዎችን ግቢ አስገቡ፤ ወዲያው ደግሞ መቅጣት ጀመሩ። ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ ተሰብስባችኋል ብሎ 23 ተማሪዎችን አገደ። ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከ200 በላይ ተማሪዎችን በጊዜያዊነት አገደ። ቦስተን ውስጥ ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ 11 አዲስ ተማሪዎች አንድ የሆቴል ክፍል ውስጥ ተሰብስበው ስለተገኙ አሰናበታቸው። በቻፕል ሂል ያለው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኦገስት 10 ትምህርት ጀምሮ በሳምንቱ ኮርሶቹን ወደ ኦንላይን አዞረ።

ይህን የምጠቅሰው ልጅዎን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ቅጣት አያስፈልግም ባይም አይደለሁም። ቫይረሱ ከፓርቲ ቤት ወጥቶ የካፌቴሪያ ሠራተኛ ቤት ይገባል፤ የእርስዎ ዓይነት መንከባከቢያም ይገባል። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ የ18 ዓመት ልጆችን፣ ጓደኛ ለማግኘት በሚጓጉበት በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንድ ላይ ማኖርና «አትሰብሰቡ» ማለት ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። የቴምፕል ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሎረንስ ስታይንበርግ ከማርጎ ጋርድነር ጋር በ2005 አንድ ጥናት አሳትመዋል። በተለያየ ዕድሜ ያሉ ሰዎችን በኮምፒውተር መኪና የመንዳት ጨዋታ አጫወቱ። መብራቱ ቢጫ ሲሆን መቆም ወይስ መቀጠል? ከ18 እስከ 22 ዓመት ያሉት፣ ጓደኞቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ብቻቸውን ከተጫወቱት የበለጠ ደፈሩ። በዕድሜ በበሰሉት ላይ ግን የጓደኛ መኖር ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ ልጅዎ በር ላይ ቆሞ «እናቴ ብትሞትም ግድ የለኝም» ብሎ አስቦ አልገባም። ምናልባት ስለ እርስዎ ጭራሽ አላሰበም። ይህም ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ከንቀት ይለያል፤ ልዩነቱም እንዴት እንደምታናግሩት ይወስናል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ እንዲህ ያለው የአባት ኩርፊያ ጥላቻ አይደለም፤ ሐዘን ነው። ሥራ በጠፋበት ዓመት ገንዘብ ከፍለዋል። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባ ብለው ለወዳጅ ተናግረዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቱንም አጡ። ብዙዎቻችን ያደግነው አባት ሲናደድ ቤቱ ጸጥ በሚልበት ቤት ነው። ባለቤትዎም ዝም ማለትን እንደ መቅጫ ከወላጆቻቸው ወርሰውት ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ዝምታ ምን እንደጠፋ አይናገርም፤ መቼ እንደሚያበቃም አይናገርም። ዩኒቨርሲቲው ቢያንስ «አንድ ሴሚስተር» ብሎ ልኩን ነግሮታል። የአባቱ ቅጣት ግን ልክ የለውም። ልጁ ባዶውን በራሱ ይሞላዋል። «ጥፋት አጠፋሁ» የነበረው «እኔ ራሴ ጥፋት ነኝ» ይሆናል። ጥፋት ያጠፋ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይክሳል። ራሱን ጥፋት አድርጎ የሚያይ ሰው ግን ይደበቃል። ቤዝመንት ውስጥ የማየው ይህንን ነው።

ለዘመድ የተነገረው ውሸትም እዚሁ ላይ ይጨመራል። አክስቱ ደውላ «ኦንላይን ትምህርት እንዴት ነው?» ስትለው ምን ይበል? በዋሸ ቁጥር የቤተሰቡ ገበና እሱ ራሱ እንደሆነ ይማራል። ሁሉንም ለሁሉም ንገሩ አልልም። «ይህን ሴሚስተር እቤት ነው» ካላችሁ ይበቃል፤ አልዋሻችሁም፣ አልተገለጣችሁምም። እናትዎ ግን አብረው ስለሚኖሩ እውነቱን ማወቅ አለባቸው። የሚነግራቸውም ልጁ ራሱ ይሁን። አያቶች ከምንገምተው በላይ ይችላሉ።

ባለቤትዎን ልጁ በሌለበት ያናግሩ። «ለምን ጨከንክበት?» ብለው አይጀምሩ፤ ያኔ ክርክር ይሆናል። ይልቅ እንዲህ ቢሉ፦ «መቀጣቱን አልቃወምም። እኔም ተናድጃለሁ። ግን የተናደድክበትን በአፍህ ንገረው፤ ከዚያ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልግ ንገረው።» እምቢ ካሉ አንድ የሚያከብሩትን ሰው ያስገቡ፤ ታላቅ ወንድም ወይም የንስሐ አባት። አንድ ሰው ብቻ። ሦስት ሽማግሌ ቢቀመጥ ጉዳዩ ችሎት ይመስላል፤ ልጁም ሁለተኛ ጊዜ ይዳኛል።

ለልጅዎ ደግሞ ስለ ኤፕሪል ይንገሩት። «ሰው እየሞተ አንተ ትጨፍራለህ» እያሉ አይደለም። ቁጭ ብለው፣ ያዩትን ብቻ። ለምሳሌ ከሞቱት አንዷ ሴትዮ ቁርሷን እንዴት ትወድ እንደነበር፣ ልጆቿ በመስኮት በኩል እንዴት እንደተሰናበቷት፣ እርስዎ ያን ቀን መኪናዎ ውስጥ ምን ያህል እንደቆዩ። ብዙ እናቶች ልጅ እንዳይከፋው ብለው ይህን ይደብቃሉ። ከዚያ ልጁ የማያውቀውን ነገር እንዲያከብር እንጠብቃለን። ነግረው ሲጨርሱ ዝም ብለው ይጠብቁት። ቢያለቅስ አያቋርጡት።

ከዚያ ካሳው በሥራ ይታይ። የአያቱን መድኃኒትና የቤቱን አስቤዛ ማስክ አድርጎ እሱ ያምጣ። ሥራ ፈልጎ ከጠፋው ገንዘብ የተወሰነውን ይመልስ፤ መጠኑንና የሚያበቃበትን ጊዜ አባቱ ይናገሩ። ልክ ያለው ቅጣት ያሳድጋል።

እንቅልፉ ግን ያሳስበኛል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በጁን ባደረገው ጥናት ከ18 እስከ 24 ዓመት ካሉት ውስጥ 25.5 በመቶ የሚሆኑት ባለፉት 30 ቀናት ራሳቸውን ስለማጥፋት በብርቱ አስበው እንደነበር ተናግረዋል። ከአራት አንድ ማለት ነው። ስለዚህ በቀጥታ ይጠይቁት፦ «መኖር የማትፈልግበት ጊዜ አለ ወይ?» መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። አዎ ካለ፣ ወይም መልሱ ካስፈራዎ፣ ብቻውን አይተዉት፤ ራስን ማጥፋትን ለመከላከል በተዘጋጀው የአሜሪካ የስልክ መስመር፣ በ1-800-273-8255 (አሁን በአጭሩ 988)፣ በማንኛውም ሰዓት ይደውሉ። አደጋው አሁን ከሆነ 911። አይደለም ቢልም እንቅልፉና ምግቡ ካልተስተካከለ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ስለ ትምህርት ቤቱ። ዕድሜው 18 ስለሞላ፣ የተማሪን መረጃ ምሥጢር በሚጠብቀው፣ ፌርፓ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ያለ እሱ ፈቃድ ከእናንተ ጋር ላይነጋገር ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤውን አብራችሁ አንብቡ፤ የሚጽፈው ግን እሱ ይሁን። የይግባኝ ቀነ ገደብ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ዛሬ ማታ ይዩት። ቀኑ ቢያልፍም ስለ ክፍያው ለብቻው ይጠይቅ። የኖርዝኢስተርን ተማሪዎች በመጀመሪያ 36,500 ዶላሩ አይመለስም ተብለው ነበር፤ ይግባኝ ካሉ በኋላ አብዛኛው ለቀጣዩ ሴሚስተር እንዲታሰብላቸው ተደርጓል። እስከዚያው ኮሚኒቲ ኮሌጅ ልማር ካለ ደግሞ፣ ከመመዝገቡ በፊት ዩኒቨርሲቲው በእገዳ ጊዜ ሌላ ቦታ የተወሰደ ክሬዲት ይቀበል እንደሆነ በኢሜይል ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይያዝ። የማይቀበሉ አሉ።